ሰባተኛው ዙር በፖቲ

ፖቲ ይዘንባል፤ ዘንቦም አይጠግብም፣
የአዳራሹ ቆርቆሮ ለአፍታ ዝም አይልም፤
ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ባልዲ ተቀምጧል፣
ጠብ ባለ ቁጥር አንድ ሰው ቀና ይላል።

ሰባተኛ ዙር ነው፣ የመጨረሻው፣
አሥራ አንድ ጠረጴዛ፣ አሥራ አንድ ዝምታ ነው፤
ሁለተኛው ላይ ነው ዓይኔ ያረፈው።

ማክቫላ ናት ነጩ። ስልሳ አንድ ዓመቷ፣
ሠላሳው በወደብ፣ ክሬን አናት ላይ፣ በመስታወት ቤቷ፣
ኮንቴይነር ስታወርድ እንደ እንቁላል አቅልላ፤
ዛሬም የእንጨት ፈረስ እንዲያው ነው የምታነሣው፣ ትንፋሿን ጠቅልላ።

ከፊቷ ኡቻ አለ፣ ገና አሥራ አራት፣
ጥፍሩን የበላ ልጅ፣ ከማሽኑ ጋር ሲሟገት ያደረ ሌሊት፤
ምክንያቱም በከተማው ማንም ያውቃል፣
ማክቫላ ነጭ ከያዘች ምን እንደሚመጣ ሕፃን ይነግርሃል።
አርባ ዓመት ያው መክፈቻ፣ አርባ ዓመት ያው በር፤
የንጉሡን ጎረቤት ወታደር
በሁለተኛው እርምጃ ሜዳ ላይ መጣል፣ «ብላው» ብሎ መስጠት፤
«የንጉሥ ጋምቢት» ይሉታል መጻሕፍት።
እሷ ግን «መስኮት መክፈት» ነው የምትለው፤
ብርድ ይገባል፣ አዎ፤ አየርም የሚገባው በዚያው ነው።

ዳኛው ጂጊያ እጁን አወረደ።
ወታደሯ ሁለት ቤት ሄደ፤ የእሱም ሁለት ቤት ወረደ።
ከዚያ እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፣
ልጁ አየ።
(ሌላ ነገር ብታመጣስ? ሌሊቱ ሁሉ በከንቱ?)
ጣለችው። ረጋ ሆዱ፣ ላላ አንገቱ።

በላው። ጳጳሷ ወጣ። ተወርውራ መጣች የእሱ ንግሥት፣
ከዳር ሆና «ቼክ» አለች፤ ንጉሡን አስነሣችው ከቤት፤
ግንብ ውስጥ መከተቱ ቀረ፤ በእግሩ አንድ ቤት ወደ ጎን አለ፣
ጃንጥላውን እንደረሳ ሰው፣ ታዛ ሥር እንደተጠለለ።

ልጁ ይጫወታል፣ መጫወት ካላችሁት፤
ያነባል እንጂ፣ ከዓይኑ ጀርባ የተጻፈውን፣ በፍጥነት፣ በፍጥነት፤
ሰዓቱን ጠቅ፤ ጠቅ፤ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ሳይደናቀፍ ሳይጎድል፣
እንደ ሪዮኒ ወንዝ በዝናብ ወራት፣ ግንድ ተሸክሞ ሲንከባለል።
እሷስ? ሠላሳ አምስት ደቂቃ በልታለች፤
የኖረችበትን መንገድ እንደ እንግዳ ታያለች።

ነገር ከሥሩ ይላል የድሮ ሰው፤
የዚህ ሥሩ ግን የማን ነው?
ሙታን የጠረጉት ኮሪደር ይመስላል፣ መብራቱ የበራ፣
ገብተህ ትሄዳለህ፣ ግድግዳ ሳትነካ፣ ምንም ሳትፈራ፤
መጨረሻው ላይ አንድ አምፖል ተቃጥሏል።
ጨዋታው እዚያ ይጀምራል።

በአሥራ ሁለተኛው ማክቫላ ጳጳሱን አነሣች፣
ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ተነሣበት ቤት መለሰች።
እንዳልተነካ። ጠዋት ከሳጥን እንደወጣ።
የኡቻ እጅ ሊመልስ ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ መልስ አጣ።
(ይህን ማሽኑ አላለም። ወይ ብሎት ይሆን፣ ንጋት ላይ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋው?)
ጆሮው ቀላ፤ ባልዲው ጠብ አለ፤ አንገቱን ደፋው።
አርባ ደቂቃ አሰበ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ልጅ ሆነ፣
የፈረሱን የተሸረፈ ጆሮ ገና አሁን አየ፣
በማያውቀው ሜዳ ብቻውን ባከነ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግራችሁም በቅጡ፤
ግንብ ለግንብ ተበላሉ፣ ንግሥቶቹም ከሜዳ ወጡ፤
ሠላሳ ስምንተኛው ላይ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣
ተጫውቶ ሰዓቱን ሳይጫን እጁን ጉንጩ ላይ አስደገፈው።
ጊዜው ይፈስሳል። ዳኛው ያያል፤ ዳኛ አይናገርም።
አሥር ሰከንድ። ሃያ። ማክቫላ ቀና አላለችም።
ሠላሳ። ዝም ማለት ሕግ ነው፤ ዝም ብሎ ማሸነፍም ሕግ ነው፤
በአገጯ ሰዓቱን አመለከተችው።

አሸነፈ። በዳር በዳር ሄዶ ንግሥት በሆነ ወታደር።
እጇን ዘረጋች፣ ፈረመች፤ ትንፍሽ አላለችም ስለ ሰዓቱ ነገር።

ልጁ ግን አልተነሣም።
እንጨቶቹን መልሶ ደረደረ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ፣
ጳጳሱን በጣቱ ነካ፤ «እዚህ ጋ... ለምንድን ነው የሚመለስ?»
እሷም ጃኬቷን ግማሽ ለብሳ፣ አንድ እጅጌ እንደተንጠለጠለ፣
ተቀመጠች። «እኔም እንጃ፤ ቤቱ ናፍቆት መሰለኝ። እስቲ እንየው ምን እንዳለ።»

ዘበኛው ከበሩ በኩል መብራቱን እያጠፋ መጣ፤
ከእነሱ በላይ ያለውን ግን ተወው፤ ባልዲውን ደፍቶ ወጣ።